ንጹሕ ውኃና መብራት ወደ ሩቅ መንደር ስለ ማግባት

ውኃ ለሰውና ለከብት፥ ለእርሻም ሁሉ መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ፥ ንጹሑም ቢሆን ጠባቂ ካልተደረገለት ንጹሕ ሆኖ እንደማይቈይ ብዙ ሰው አያስተውልም። ከብት በሚረግጠው ምንጭ እንስራዋን የምትሞላ ሴት የቀኑን እኩሌታ በመንገድ ታሳልፋለች፤ ደክማ ያመጣችውም ውኃ ልጆቿን በተቅማጥ ያሳምማል። ስለዚህ ለመንደሩ ውኃና መብራት ለማግባት የሚያስብ ሹም ወይም ባለይዞታ ሁሉ ሥራው በምን ተራ እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ የምንጩ ልክ ይታወቃል። ይህም የሚለካው በክረምት ሳይሆን በበጋው መጨረሻ፥ ውኃው እጅግ በሚያንስበት ጊዜ ነው። ውኃውን በአንድ መውረጃ ሰብስቦ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን መቀበልና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በሰዓት መቍጠር ይበቃል። በ40 ሰከንድ ቢሞላ፥ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፥ በቀንና በሌሊት 43,200 ሊትር ይሰጣል። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. በጀመረው በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው የተቈረጠው ልክ፥ ከ1 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ስፍራ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ልክ ሲካፈል ያ ምንጭ ለ1,728 ሰው ይበቃል። ነገር ግን ሰው በሌሊት አይቀዳምና፥ የሌሊቱ ውኃ የሚቈይበት ማጠራቀሚያ ካልተሠራ ሒሳቡ ከንቱ ይሆናል።

2ኛ፤ የምንጩ ዓይን ይጠበቃል። ውኃው የሚወጣበት ስፍራ ተቈፍሮ በታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፤ በላዩም ውኃ የማያሳልፍ ጭቃ ይጠቀጠቃል፤ በፊቱ በሲሚንቶ ግንብ ተሠርቶ ውኃው በቧንቧ ይወጣል። ግንቡ ውኃውን ወደ ላይ የሚያግድ ሊሆን አይገባም፤ ምንጭ ከተፈጥሮ ከፍታው በላይ ቢታገድ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሰወራልና። ከዓይኑ በላይ የጎርፍ መመለሻ ቦይ ይቈፈራል፥ ዙሪያውም ይታጠራል። መጸዳጃ ቤት ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በላይ ባለው ተዳፋት ከቶ አይቈፈር። የከብት ገንዳ ከመቅጃው በታች ራቅ ብሎ ይሠራል።

ምንጭ በሌለበት አገር ጥልቅ ጕድጓድ ይቈፈራል። በተለይ በስምጥ ሸለቆ ያለው የምድር ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ የበለጠውን ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በልጅነቱ ጥርሱ ይበልዛል፥ በኋላም አጥንቱ ይጐዳል። ማፍላት ይህን አያስወግድም። ስለዚህ ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት ውኃው በባለሙያ ይመርመር።

3ኛ፤ የመብት ነገር በጽሑፍ ይታሰራል። አዋጅ ቍጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፥ ለቤት አገልግሎት የሚውለውም ከሌላው ሁሉ እንዲቀድም ደንግጓል። ቢሆንም ምንጩ በአንድ ሰው ይዞታ ውስጥ ሲገኝ፥ በሕጉ ብቻ ተማምኖ የዚያን ሰው መስኖ በድንገት የሚቈርጥ ሹም ጠብ ይተክላል፤ ቧንቧውንም በሌሊት ተሰብሮ ያገኘዋል። የሚሻለው ሽማግሎች ባሉበት መዋዋል ነው፤ ከማጠራቀሚያው የሚተርፈው ውኃ ወደ ባለይዞታው እርሻ እንዲወርድ፥ እርሱም የመቅጃውን መንገድ እንዳይዘጋ። ይህ ውል ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ይፈረም።

4ኛ፤ ከውኃው በኋላ መብራት ይታሰባል። አንዳንዱ ሰው ያው ምንጭ መብራትም የሚሰጥ ይመስለዋል። ነገር ግን በሰከንድ ግማሽ ሊትር የሆነ ውኃ ከ10 ሜትር ቢወርድ፥ እኩሌታው ኃይል በመንገድ ጠፍቶ የሚቀረው ወደ 25 ዋት ነው፤ ይኸውም ለሁለት አምፖል ቢበቃ ነው። በሰከንድ 20 ሊትር የሚፈስ ወንዝ ግን ከዚያው ከፍታ ቢወርድ 1,000 ዋት ያህል ይሰጣል፤ ይህም እያንዳንዱ 10 ዋት የሆነ ወደ 100 አምፖል ያበራል። እንዲህ ያለ ወንዝ በሌለበት የፀሐይ ኃይል መቀበያ ይበጃል፤ ሌሊት የሚያበራው ግን በባትሪ ነውና፥ ባትሪውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚያረጅ የመለወጫው ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መቀመጥ አለበት። መብራቱ ጥቂት ከሆነ አስቀድሞ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ።

5ኛ፤ ጠባቂና ገንዘብ ይመደባል። ብዙ ቧንቧ የሚደርቀው ውኃ ጠፍቶ ሳይሆን ርካሽ የሆነ አንድ ላስቲክ አልቆ የሚለውጠው በመታጣቱ ነው። መንደሩ ኮሚቴ ይምረጥ፤ ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች ናቸውና ከኮሚቴው እኩሌታው ሴቶች ቢሆኑ ጕድለቱ ቶሎ ይታወቃል። ከየቤቱ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይሰብሰብ፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያንብብ። ከመንደሩም ሁለት ጐልማሶች ጥገና ይማሩ፥ መፍቻና መለዋወጫ በእጃቸው ይኑር። እጅግ ድኻ የሆነ ቤት ግን መክፈል ስላቃተው ከውኃው አይከልከል፤ የተከለከለ ሰው ወደ ረግረጉ ይመለሳል፥ በሽታውም ወደ መንደሩ ሁሉ ይመለሳል።

እንግዲህ ሹም ሥራውን የሚመረምረው ቧንቧው በተመረቀበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት በጋ ነው። በዚያን ጊዜ መጥቶ ውኃውን እንደገና ይለካ፥ የሒሳቡን መዝገብ ይይ፥ የሚቀዱትንም ሴቶች ይጠይቅ።