ለሁለት የተከፈለው ጸጋዬ

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ታላቅ ባለቅኔ ነው። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛው መምህር ሲገባ ግን ስሙ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን የእንግሊዝኛ የግጥም ተውኔቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እንዳሳተመለት ሳይሰማ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ጥፋቱ የመምህራኑ ብቻ አይደለም። መምህራኑ በሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አማርኛና እንግሊዝኛ በየራሳቸው ትምህርት ክፍል ተቀምጠዋል፤ ቴአትርም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ሼክስፒርን ያስተምራል፤ «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ያመጣው ጸጋዬ ግን የጎረቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል።

በዚህ ክፍፍል ተማሪው የሚቀርበት ነገር ቀላል አይደለም። የአማርኛ መምህር አንድ ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቀለም ሲያስቆጥር፣ ወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ስድስት በስድስት ቀለም ይሄዳል። ጸጋዬ ሐረጉን አስረዝሞ ስምንት በስምንት ገጠመ፤ ስልቱም «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ ተጠራ። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ሥራውን ጮክ ብሎ ያነበበ ተማሪ ያ ርዝመት ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው ይገባዋል፤ ሞት ፊት የቆሙት ጳጳስ፣ የአቡነ ጴጥሮስ፣ ምሬትና ጸሎት በአጭር ሐረግ አይወጣም። «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ውስጥ ግን ይህ ምጣኔ የለም። ገጸ ባሕርያቱ ሻንካና ኡኩቴ፣ የበኩር ልጃቸው ለሙታን መሥዋዕት እንዲሆን ተፈርዶባቸው፣ የሚነጋገሩት ቤት በማይመታ አጫጭር ስንኝ ነው። አንድ ባለቅኔ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ምን ይዞ፣ ምን ጥሎ ይሄዳል? ይህን ጥያቄ አንደኛውን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ተማሪ ሊጠይቀው እንኳ አይችልም።

ሦስተኛ መምህርም ያስፈልጋል። ጸጋዬ የተወለደው አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ሲሆን ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አድጓል። በኦሮሞ ዘንድ ኦዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ዛፍ ነው። ይህን ከአፋን ኦሮሞ መምህር አብልጦ ማን ያስረዳል? ተውኔቱ በእንግሊዝኛ ተጻፈ እንጂ ሥሩ እዚያ ነው።

የእንግሊዝኛ ሥራዎቹ ቅጂ እንደ ልብ አለመገኘቱ እውነት ነው። ፈተናም የተማሪውን ጊዜ ይሻማል። ቢሆንም ለመጀመር አንድ ሳምንት ይበቃል። ጸጋዬ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በሁለቱም ቋንቋ ተውኔት ጽፏል፤ ከየተውኔቱ አንድ አንድ ትዕይንት አባዝቶ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው መምህራን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ቢቆሙ፣ ተማሪዎቹም በሁለቱም ቋንቋ እየተነሱ ቢተውኑት ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለዚህ ቦታ ያብጁለት። እስከዚያው ግን ይህን የምታነቡ የቋንቋ መምህራን፣ የጎረቤታችሁን ክፍል በር አንኳኩና የጋራ ክፍለ ጊዜ ያዙ።