አንድ ብልሽት በብዙ ሆሄ፦ የተደጋጋሚ የስህተት ሪፖርቶች የቋንቋ ገጽታ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን በጋራ በሚገነቡ ማኅበረሰቦች ዘንድ አንድ ብልሽት ደጋግሞ እንደ አዲስ መመዝገቡ የቆየ ችግር ነው። ሪፖርቶቹን አንብበው የሚለዩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው፣ ለድግግሞሽ የሚባክነው ሰዓት ከጥገናው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህም እንደ ቡግዚላ ያሉ የመዝገብ ሥርዓቶች አመልካቹ ርእሱን ሲጽፍ የሚመሳሰሉ የቀድሞ ሪፖርቶችን ያቀርቡለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔር ሩኔሶንና ባልደረቦቹ የሶኒ ኤሪክሰንን መዝገብ መርምረው፣ ከተደጋጋሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በቋንቋ ትንተና ማግኘት እንደሚቻል ገምተዋል። ዘዴው ቃልን ከቃል የሚያመሳስል ነውና፣ አንድ ቃል በብዙ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ ውጤቱ ያው ይሆናል ማለት አይቻልም።

ለዚህ ካርቱም ጥሩ መመርመሪያ ናት። የከተማዋ ጸሐፊ በመደበኛው ዐረብኛ «ላ ያዕመል» ወይም በአነጋገሩ «ማ ሸጋል» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም «አይሠራም» ናቸው፤ በሆሄ ግን አይገናኙም። በአሊፍ ላይ የሚቀመጠው ሐምዛም ብዙ ጊዜ ይተዋል። ዩኒኮድ ባለ ሐምዛውን አሊፍ «አሊፍና ሐምዛ» ተለያይተው ከተጻፉት ጋር እኩል ያደርገዋል እንጂ ከባዶው አሊፍ ጋር አያስተካክለውም። ከቋንቋ ውጭ የሆነ እንቅፋትም ነበር፤ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ሶርስፎርጅ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሱዳንን ጨምሮ አምስት አገሮችን ዘግቶ ነበር። መዝገቡን ማየት ያልቻለ ሰው ብልሽቱ ቀድሞ መመዝገቡን ሊያውቅ አይችልም።

በግእዝ ፊደል ነገሩ ይጠብቃል። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እርስ በርስ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሆነው ተመዘገቡ። በዚህም «ኃይል»፣ «ሐይል» እና «ሀይል» ለፈላጊው መሣሪያ ሦስት ቃላት ናቸው። ለአማርኛ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ መፈለግ ይበቃ ይመስላል። በትግርኛ ግን ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ማዋሐዱ የቃል ልዩነትን ያጠፋል። ስለዚህ ደንቡ ከቋንቋው እንጂ ከፊደሉ ጋር መታሰር የለበትም። ቅጥያን ብቻ መቁረጥም አያዋጣም፤ «አይከፈትም»፣ «አልተከፈተም» እና «አልከፈት አለ» የሚገናኙት በከ-ፈ-ት ሥር ነው፤ ልዩነታቸውም ከፊትም፣ ከመካከልም፣ ከኋላም ነው።

ከድግግሞሽ ይልቅ የሚያሰጋው የተሳሳተ ውሕደት ነው። ስለ ትግርኛ የቀረበ ሪፖርት «ተደጋጋሚ» ተብሎ በአማርኛው ሥር ቢዘጋ፣ የአማርኛው ሲጠገን የትግርኛው ሳይታይ ይቀራል። ቤተንበርግና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2008 ተደጋጋሚ ሪፖርቶች በመጀመሪያው ያልተነገረ ተጨማሪ መረጃ እንደሚይዙ አሳይተዋል። ፍለጋው ሞክሼዎችን በልግስና ቢያቀራርብ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ሪፖርቱን የመዝጋቱ ውሳኔ ግን ቋንቋውን ለሚናገር ሰው ቢተው ይሻላል።