ለብዙ ሳምንት ስለሚቆየው የቴስቶስቴሮን መርፌ

በዛሬው ጊዜ ድካም የተሰማው ወይም የሩካቤ ፈቃዱ የቀነሰበት ወንድ ሁሉ ቴስቶስቴሮን ስለሚባለው መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል። የዘር ፍሬው ሥራውን ለተወበት ሰው መድኃኒቱ ብዙ ይጠቅማል። ይህም የሚታወቀው በሁለት ልዩ ልዩ ቀን በማለዳ ደም ተመርምሮ ነው እንጂ በግምት አይደለም።

ቴስቶስቴሮን ድምፅን የሚያጐረንን፥ ጢምን የሚያበቅል፥ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጸና ቅመም ነው። በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአምስተርዳም ኤርንስት ላኬርና ረዳቶቻቸው ከኮርማ የዘር ፍሬ ለይተው አወጡት። ቀድሞ መርፌው በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይወጋ ነበር። አዲሱ ግን 1000 ሚሊግራም መድኃኒት በ4 ሚሊሊትር የጕሎ ዘይት ተበጥብጦ በመቀመጫ ሥጋ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይወጋና፥ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ከ10 እስከ 14 ሳምንት ድረስ ያገለግላል። ይህ ጕሎ በአገራችን ምጣድ የሚታሰስበት ያው ጕሎ ነው።

የመጀመሪያውም አደጋ የሚመጣው ከዚሁ ዘይት ነው። ከዘይቱ ጥቂቱ በደም ሥር አልፎ ሳንባ ቢደርስ፥ የተወጋው ሰው በድንገት ያስለዋል፥ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ ደረቱን ያፍነዋል፥ ራሱንም ያዞረዋል። ይህ የሚሆነው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፈጥኖ ያልፋል። አንዳንዱን ሰው ደግሞ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሳይቀበለው ቀርቶ በብርቱ ያሳምመዋል። ስለዚህ በአሜሪካ መርፌው በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሲፈቀድ፥ የተወጋው ሰው 30 ደቂቃ በሐኪም ቤት ተቀምጦ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ጉዳይ የበዛበት ሹም በዚህ ግማሽ ሰዓት ሊሰለች ይችላል፤ ነገር ግን ሳሉ በመኪና ውስጥ ቢነሣበት የሚረዳው ሾፌሩ ብቻ ነው።

ሌላው ጕዳት በዝግታ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ ቀይ ደምን ያበዛል፤ ከመቶው ደም የቀዩ ድርሻ ከ54 ሲያልፍ ሐኪም መርፌውን ያቆማል፥ የወፈረ ደም ሊረጋ ይችላልና። የደም ግፊትም ከፍ ሊል፥ በፊትና በጀርባ ብጉር ሊወጣ፥ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቋረጥበትም ሰው ሊብስበት ይችላል። የፕሮስቴት ወይም የጡት ነቀርሳ ያለበት ወንድ ፈጽሞ አይወጋም።

ከሁሉ ይልቅ ለቤተ ሰብ የሚያሳስበው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። መርፌው ወንድነትን ይጨምራል ሲባል ልጅንም የሚያስገኝ ይመስላል፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአንጐል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ቅመሙ በደም ውስጥ መብዛቱን ስታውቅ፥ የዘር ፍሬን ለሥራ የምታነሣሣበትን መልእክት ታቋርጣለች፤ ዘሩም ይነጥፋል። በቻይና አገር ይህንኑ መድኃኒት ለወንዶች የወሊድ መከላከያ እንዲሆን በ1,045 ጤነኞች ላይ ፈትነውት፥ ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ታትሟል። ዘራቸው ያልጠፋ ወይም እጅግ ያላነሰ ከመቶው አምስት ያህል ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ባልየው በድብቅ መርፌ እየተወጋ ሚስቲቱ «መካን» እየተባለች ከሐኪም ሐኪም ብትንከራተት እንዴት ያለ በደል ነው! አንድ ጊዜ የተወጋው ዘይት ተመልሶ አይወጣም፤ መርፌው ቆሞም ዘሩ እስኪመለስ ብዙ ወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ የሚሻ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢገልጽ፥ ሕመሙ ከአንጐል ዕጢ የመጣ እንደ ሆነ የዘር ፍሬውን ራሱን የሚያነሣሣ ሌላ መርፌ ይታዘዝለታል።