የ40 ዶላር ጉድለት፣ የ1,120 ዶላር ኪሳራ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን፣ ሲደላውም ሁለተኛ ቤቱን የሚያከራይ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለም። የባንኩን ዕዳ በከፊል ተከራዩ ይከፍልለታል። ከዕለታት አንድ ቀን ቤቱን ልታይ የመጣች ሴት «ሴክሽን ኤይት አለኝ» ትለዋለች። ደስ ይለዋል፤ የመንግሥት ገንዘብ ወር ጠብቆ እንደሚገባ ሰምቷልና። ደስታው ግን ኢንስፔክሽን የሚባለውን ቃል እስኪሰማ ድረስ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቤቱ በወር 2,400 ዶላር ይከራያል እንበል፤ በቀን 80 ዶላር መሆኑ ነው። ኢንስፔክተሩ መጥቶ የጭስ ማንቂያው ደንቡን አያሟላም ብሎ ቤቱን ጣለው። ባለቤቱ በዚያው ምሽት በ40 ዶላር አዲስ ገዝቶ ሰቀለ። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ የሚመጣው ግን ከ14 ቀን በኋላ ነው። 14 በ80 ሲባዛ 1,120 ዶላር ይሆናል። ቤቱ ባዶ ነው፣ ባንኩ ደግሞ ቀኑን አያሳልፍም። ማንቂያው 40 ዶላር፣ መዘግየቱ 1,120 ዶላር ወጣበት። አከራይ በመንግሥት ፍተሻ ሲከስር የሚበላው ቀኑ ነው፤ የጥገናው ወጪ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ለፍተሻ መዘጋጀትም ቤትን ከማሳመር ይልቅ ቀንን ከማዳን ጋር የተያያዘ ሥራ ነው።

መንግሥት ለምን ይፈትሻል? ሴክሽን ኤይት የሚባለው የኪራይ ድጎማ ፕሮግራም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ከወጣው የአሜሪካ የቤቶች ሕግ ስምንተኛ ክፍል ሲሆን፣ ክፍሉ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ1974 ማሻሻያ ነው። ቫውቸር፣ ማለትም የድጎማውን ማረጋገጫ፣ የያዘ ቤተሰብ ከተስተካከለ ገቢው 30 በመቶ ገደማ ለኪራይ ያወጣል፤ ቀሪውን፣ በተወሰነ ጣሪያ፣ የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል። የተስተካከለ የወር ገቢዋ 1,500 ዶላር የሆነች እናት 450 ስትከፍል፣ 1,950ው ከመንግሥት ይመጣል። በዚህ መንገድ የሚኖሩት ቤተሰቦች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ገበያ ይፈጠራል። በተለመደው ኪራይ ከፋዩ እዚያው ያድራል፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚረጥበው እሱ ስለሆነ ወይ ይከራከራል ወይ ይለቃል። በቫውቸር ግን የትልቁ ድርሻ ከፋይ ቤቱ ውስጥ አይኖርም፣ የምትኖረው ደግሞ ትልቁን ድርሻ አትከፍልም። በጥቅማቸው መካከል ያለው ክፍተት አከራዩን ሊያባልገው ይችላል። ኢንስፔክተር የዚያ ሩቅ ከፋይ ዓይን ነው። ገንዘብ አውጥቶ ያላየውን ዕቃ የሚገዛ ሁሉ እንዲህ ያለ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ባንክ ለቤት ብድር ሲሰጥ ገማች እንደሚልከው ማለት ነው።

የደንቡ ጉልበትም ከዚሁ ይመነጫል። በመደበኛው አሠራር ቤቱ ካላለፈ የቤቶች ባለሥልጣኑ ለዚያ ቤት ክፍያ መጀመር አይችልም። ባለቤቱ ቸኩሎ ተከራይዋን አስቀድሞ ቢያስገባ፣ ቤቱ ከማለፉ በፊት ላሉት ቀናት የመንግሥት ድርሻ አይመጣለትም። ተከራይ ከገባች በኋላም ቤቱ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይፈተሻል። ለሕይወት አስጊ የተባለ ጉድለት ከተገኘ ማስተካከያው 24 ሰዓት ነው፤ ለሌላው በመደበኛው 30 ቀን ይሰጣል። ቀኑ ካለፈ የመንግሥት ክፍያ ይቆማል፣ የቆመውም በኋላ ተመልሶ አይከፈልም። ባለቤቱ ያን ገንዘብ ከተከራይዋ ሊጠይቅ አይችልም። ጥፋቱ የተከራይዋ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስሟ ያለውን የመብራት ክፍያ ባለመክፈሏ መብራቱ ከተቋረጠ፣ ኃላፊነቱ ወደ እሷ ይዞራል።

አንድ ጠንቃቃ አከራይ ኢንስፔክተሩ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ወረቀት ይዞ በገዛ ቤቱ ይዞራል። የሚጀምረውም ውድ ከሆነው ሳይሆን ብዙ ቀን ከሚበላው ነው። ቀዳሚው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል ድጎማ የሚከራዩ ቤቶች የጭስ ማንቂያቸው ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር የተገናኘ፣ ካልሆነም የማይከፈት የ10 ዓመት ባትሪ ያለው መሆን አለበት። ባትሪው እየወጣ የሚቀየረው አሮጌ ዓይነት፣ ቢጮህም እንኳ፣ ለብቻው አይበቃም። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ወይም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ካለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የግድ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውምና፣ ከማንቂያው በቀር የሚነግር የለም።

ከዚያ መውጫው ይታያል። በዋሽንግተን የቆዩ ቤቶች ቤዝመንት መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ይታጠራል፤ ባለቤቱ ሌባ ፈርቶ ነው። እሳት ሲነሳ ግን ያው ፍርግርግ ወጥመድ ስለሚሆን፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የማይከፈት ከሆነ ችግር ነው። በመኝታ ክፍሉ መስኮት ፊት የተገተረ ቁም ሣጥንም እንደዚያው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክና ውሃ ናቸው። ክዳኑ የተሰበረ ሶኬትና የተገለጠ ሽቦ ርካሽ ጥገና ናቸው፣ ግን ከ24 ሰዓቱ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። መንግሥት ለነዚህ ቤቶች ባወጣው አዲስ የፍተሻ መለኪያ፣ በማዕድ ቤትና በመታጠቢያ ከውሃው በ6 ጫማ ርቀት ውስጥ ያለ ሶኬት ራሱን የሚያጠፋው ጂኤፍሲአይ የሚባለው ዓይነት መሆን ይኖርበታል። የውሃ ማሞቂያው ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሙቁን ውሃ ወደ ወለሉ የሚያወርድ ቧንቧ ሊኖረው ይገባል፤ ቧንቧው ከሌለ የሚፈላው ውሃ በሰው ላይ ይረጫል። አራትና ከዚያ በላይ እርከን ያለው ደረጃ የእጅ መደገፊያ ይፈልጋል።

ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ከ6 ዓመት በታች ልጅ የሚኖር ከሆነ የተላጠ ቀለም የጤና ጉዳይ ይሆናል፤ ጥገናውም በዘፈቀደ ሳይሆን አቧራው በማይበተንበት መንገድ መሠራት አለበት። ይህ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

ባዶ ቤት ደግሞ ብዙ የሚጥለው ነገር አለ። ባለቤቱ ወጪ ለመቆጠብ ጋዙን፣ ውሃውን ወይም መብራቱን ያስቋርጣል። ኢንስፔክተሩ ምድጃው ሲነድ፣ ሙቅ ውሃው ሲመጣ፣ ማሞቂያው ሲነሳ ማየት ስላለበት፣ ያልተከፈተ መስመር ማለት ያልተፈተሸ ቤት ማለት ነው። የ30 ዶላር የመብራት ክፍያ ለማዳን ሲሉ የወር ኪራይ ማጣት እዚህ ይከሰታል።

የመዘግየቱ ዕዳ የአከራዩ ብቻ አይደለም። ተከራይዋ የያዘችው ቫውቸር የመፈለጊያ ጊዜ አለው፤ መነሻው ቢያንስ 60 ቀን ነው። ቤቱ ሲወድቅ የእሷም መግቢያ ይዘገያል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ለሌላ ቢያከራየው ደግሞ በቀረው ጊዜ ፍለጋውን እንደገና ትጀምራለች።

ታዲያ ፍተሻው ጠንካራ በሆነ ቁጥር አከራዮች ይሸሻሉ የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ባሳተመው ጥናት፣ በሎስ አንጀለስና በፎርት ዎርዝ ከተጠየቁት አከራዮች ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑት ቫውቸር አንቀበልም ብለዋል። በዋሽንግተን ግን እምቢ ያሉት 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዋሽንግተን በገቢ ምንጭ ምክንያት ተከራይን መከልከልን በሕግ ታግዳለች፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በየመልካቸው ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ስለዚህ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ «ቫውቸር አልቀበልም» የሚል ቀላል መውጫ አይኖረውም፤ ያለው አማራጭ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

መንግሥትም መዘግየቱ ዋጋ እንዳለው ተረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ማሻሻያ፣ የቤቶች ባለሥልጣን ከፈለገ፣ ጉድለቱ ለሕይወት አስጊ እስካልሆነ ድረስ ተከራይዋ እንድትገባና ክፍያ እንዲጀመር መፍቀድ ይችላል፤ ባለቤቱ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ያስተካክላል። ይህን አማራጭ የሚጠቀመው ሁሉም ባለሥልጣን ስላልሆነ፣ የኪራዩን ማመልከቻ ለባለሥልጣኑ ከማስገባት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ሁለት ሳምንት ሊያድን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። የአዋጁ ዋና ጥያቄ ስንት ይከፈላል፣ እስከ መቼስ ይቆያል የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ከፋዩ ቤቱ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የመብራት መስመሩ እንደሚያስፈራ ከኢንስፔክተር ቀድሞ ያውቃል። የሚያጣው ዕውቀቱን ሳይሆን ሌላ ቤት ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ዋጋው ሲገደብ ደግሞ አከራይ ወጪ የሚቀንሰው በጥገናው ይሆናል የሚለው ሥጋት በኪራይ ቁጥጥር ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚነሳ ነው። የኪራይ መጠንና የቤቱ ደኅንነት በአንድ ውል ላይ አብረው የሚጻፉበት መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው አከራይ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከኢንስፔክተሩ ቀጠሮ በፊት ወንበር ላይ ቆሞ የማንቂያውን ቁልፍ ይጫን። ካልጮኸ ወይም ሲያወርደው ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ያልተገናኘና ባትሪው ሊወጣ የሚችል ሆኖ ካገኘው፣ 40 ዶላሩን ዛሬ ያውጣ።