በማልዲቭ የመዝናኛ ደሴቶች የሠራተኛው ኑሮ

በሆቴል የሚሠራ ሰው የሥራው ሰዓት ሲያልቅ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ በየአገሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም እንደ ጥያቄ አያነሣውም። ነገር ግን ሆቴሉ አንዲትን ደሴት በሙሉ የያዘ እንደሆነ፣ በዚያችም ደሴት ላይ ከሆቴሉ በቀር ሌላ መንደር የሌለ እንደሆነ፣ ሠራተኛው ማታ የሚሄድበት ቤት አይኖረውም፤ የሚሠራበት ቦታ የሚኖርበትም ቦታ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ በሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙት በማልዲቭ ደሴቶች እንዲህ ያለው አኗኗር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በየቀኑም እንዴት እንደሚካሄድና በሠራተኛው ቤተ ሰብ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማስረዳት የቀረበ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ማልዲቭ ከሕንድና ከስሪ ላንካ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግታ የምትገኝ አገር ናት። ደሴቶቿ 1,190 ያህል ሲሆኑ የአገሬው ሕዝብ መንደር ሠርቶ የሚኖርባቸው 200 አይሞሉም፤ የየብሱም ስፋት ሁሉ ተደምሮ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደሴቶቹ የቆሙት ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጡራን ባከማቹት የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። በቀለበት ቅርጽ ሲሰበሰቡ አቶል ይባላሉ፤ ይህንንም ቃል የዓለም የሳይንስ ሰዎች የወሰዱት ከአገሬው ቋንቋ ከዲቬሂ ነው። በቀድሞ ዘመን አገሪቱ የምትታወቀው በደረቅ ዓሣና በዛጎል ነበር። እኛ ለጌጥ የምናውቀው ዛጎል ከዚያ በመርከብ እየተጫነ ወደ ቤንጋል ይሄድና እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር።

አገሪቱ በ1965 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ አገር ጎብኚዎችን መቀበል የጀመረችው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጆርጅ ኮርቢን የሚባል ኢጣልያዊ የጉዞ ነጋዴ ጥቂት የአገሩን ሰዎች ይዞ መጣ፤ በዋናው ከተማ በማሌ ለእንግዳ የሚሆን ሆቴል ስላልነበረ እንግዶቹ በመኖሪያ ቤቶች ዐደሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ከማሌ አጠገብ ባለችና ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ ኩሩምባ የተባለው የመጀመሪያው የመዝናኛ ሆቴል፣ ዛሬ በተለመደው ስም ሪዞርት የሚባለው፣ ተከፈተ። ኩሩምባ ማለት ውኃው የሚጠጣ ለጋ ኮኮናት ማለት ነው።

ከዚህ ጅምር የተነሣ አንድ የታወቀ ደንብ ተተከለ፤ ይኸውም ለአንድ ደሴት አንድ ሪዞርት የሚለው ነው። መንግሥት መሬቱን አይሸጥም፤ ሰው የማይኖርባትን ደሴት ለብዙ ዓመት ለባለ ገንዘብ ያከራያል። ተከራዩም በደሴቲቱ ላይ ቤቱን፣ መብራቱን፣ ውኃውንና ወደቡን ሁሉ በራሱ ኪሳራ ይሠራል። ለዚህ ደንብ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው ሃይማኖት ነው፤ የአገሬው ሕዝብ እስላም ስለሆነና በመንደሮቹ የአልኮል መጠጥ ስለማይፈቀድ፣ እንግዳው እንደ ልማዱ የሚጠጣበትና የሚዋኝበት ቦታ ከሕዝቡ መንደር የራቀ መሆን ነበረበት። ሁለተኛው የንግድ ነገር ነው፤ ብቸኝነትና ጸጥታ በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ። እንግዲህ የደንቡ አሳብ እንግዳውን ከሕዝቡ ለመለየት ነበር። ነገር ግን አገልጋዩ ራሱ ከሕዝቡ ወገን ስለነበረ፣ እንግዳውን ሲያገለግል እሱም ከሕዝቡ ተለየ።

በዚህች ትንሽ ደሴት ላይ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ማየት የሠራተኛውን ብዛት ለመረዳት ይጠቅማል። ከአሸዋው በታች ጥቂት ጣፋጭ ውኃ አለ፤ የዝናቡ ውኃ ወደ ታች ሰርጎ ከባሕር ውኃ ይልቅ ቀላል ስለሆነ በጨዋማው ውኃ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተንሳፎ ይቀመጣል። ሰው በብዛት የቀዳው እንደሆነ ጨዋማው ውኃ ከታች ይወጣና ጕድጓዱ ይበላሻል። ስለዚህ ለመቶዎች እንግዶች መታጠቢያ የሚሆነው ውኃ የሚገኘው የባሕሩን ውኃ በከፍተኛ ግፊት በስስ ወንፊት እያሳለፉ ጨውን በሚለዩ መሣሪያዎች ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው የሚመነጨው በናፍጣ ሞተር ነው፤ ናፍጣውም በጀልባ ይመጣል። ከዓሣው በቀር ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ እንቍላሉና አትክልቱ በአብዛኛው ከውጭ አገር ተጭኖ ይገባል። ቆሻሻው ደግሞ በተራው በጀልባ ይወጣል። በማሌ አጠገብ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቆሻሻ እየተደለደለ የተሠራች ቲላፉሺ የተባለች ደሴት አለች፤ የብዙ ሪዞርቶች ጥራጊ የሚወርደው እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ እንግዳው ማየት የለበትም። ሞተሩ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ መስጊዱና የሠራተኛው መኖሪያ የሚሠሩት በደሴቲቱ መካከል ቅጠሉ በተጠጋጋ ዛፍ ወይም በአጥር ጀርባ ነው፤ ምክንያቱም የባሕሩ ዳርቻ እያንዳንዱ ክንድ ገንዘብ የሚያወጣ ስለሆነ ነው። በዚያ አጥር ጀርባ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። ዋጋቸው ከፍ ባሉት ሪዞርቶች የሠራተኛው ቍጥር ከእንግዳው ቍጥር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከማልዲቭ ተወላጆች ሌላ የባንግላዴሽ፣ የሕንድ፣ የስሪ ላንካ፣ የኔፓል፣ የፊሊፒንና የኢንዶኔዥያ ሰዎች በብዛት ይገኛሉ። በ2022 በተደረገው ቈጠራ በአገሪቱ ከሚኖረው ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ሕዝብ ሩብ ያህሉ የውጭ አገር ሰው ነበር። የአልኮል መጠጥ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚሁ የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነው፤ የአገሬው ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ወደዚያ ሥራ አይገባም።

ሥራው የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጠራጊዎች፣ ብዙዎቹ የባንግላዴሽ ሰዎች፣ ሌሊት የረገፈውን ቅጠልና ማዕበሉ የጣለውን ሣር ከአሸዋው ላይ ይለቅማሉ፤ አሸዋውንም በመጥረጊያ እያስተካከሉ የእግራቸውን ዱካ ራሳቸው ያጠፋሉ። እንግዳው በማለዳ ሲወጣ ሰው ያልረገጠው የሚመስል ዳርቻ ያገኛል። የምግብ ቤት አሳላፊ ሥራ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ለቁርስ ገብቶ ከቀትር በኋላ ይለቀቃል፤ ማታ ለእራት ይመለሳል። በመካከል ያለው ዕረፍት በቍጥር ብዙ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን የሚሄድበት ቦታ ለሌለው ሰው ያ ሰዓት አልጋ ላይ ከመጋደም ወይም ከቤት ጋር በስልክ ከመነጋገር አያልፍም።

ስለ ሰዓት ካነሣን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንጠቅስ እንወዳለን። አንዳንድ ሪዞርቶች የደሴቲቱን ሰዓት ከማሌ ሰዓት በአንድ ሰዓት ያስቀድማሉ፤ ይህም እንግዳው በጧት ጥቂት አብዝቶ እንዲተኛና ማታም ፀሐይ እንዳትቸኩልበት ነው። ሠራተኛው ግን ሁለት ሰዓት ይዞ ይኖራል፤ ሥራውን በደሴቲቱ ሰዓት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱንና የልጁን የትምህርት ቤት ደወል በማሌ ሰዓት ይቈጥራል።

መኖሪያው እንደ ማዕረግ ይለያያል። ዝቅተኛው ሠራተኛ በአንድ ክፍል ለብዙ ሆኖ በተደራራቢ አልጋ ይተኛል፤ የክፍል ኀላፊው ከአንድ ባልንጀራው ጋር፣ ሥራ አስኪያጁ ለብቻው ይኖራል። ምግቡ በሠራተኛው ምግብ ቤት በነጻ ይሰጣል፤ ሩዝ፣ ወጥ፣ ጋሩዲያ የሚባለው የቱና ዓሣ መረቅ፣ ጧት ጧትም ማስ ሁኒ ይቀርባል፤ ይኸውም ቱና ዓሣ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተደባልቆ በቂጣ የሚበላው ነው። የስድስት ሰባት አገር ሰው በአንድ ድስት ስለሚበላ ስለ ቅመሙ የሚነሣው ማጕረምረም አያልቅም። ማታ ማታ መብራት በተከለለት ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። እንግዶች ወደሚዝናኑበት ዳርቻ ግን ለሥራ ካልሆነ በቀር አይወጡም።

ይህ መኝታና ምግብ በሥራ ውሉ ላይ እንደ ጥቅም ተቈጥሮ ይጻፋል። በእኔ ግምት አቈጣጠሩ የተሳሳተ ነው። ሠራተኛው በዚያች ደሴት ላይ ካላደረ ሪዞርቱ አንዲት ቀን መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ አልጋው እንደ ሞተሩና እንደ ውኃ ማጣሪያው የሥራው መሣሪያ እንጂ የሠራተኛው ትርፍ አይደለም። ይልቁንም አልጋው የአሠሪው መሆኑ ሠራተኛውን ያደክመዋል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው መኝታውንም በዚያው ቀን ያጣል፤ በሚቀጥለው ጀልባ መሄድ አለበት። አቤት የሚል ሰው ደግሞ አቤቱታውን የሚያሰማው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው።

በ2008 የወጣው የሥራ ሕግ የሳምንቱን ሥራ በ48 ሰዓት ወሰነ፤ አንድ ዓመት ላገለገለም ሠራተኛ የ30 ቀን የዓመት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ሰጠ። ነገር ግን ሠራተኛውን በደሴቲቱ የሚያቈየው ዋናው ነገር መደበኛው ደመወዝ ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ነው። ይኸውም በእንግዳው ሒሳብ ላይ ከመቶ 10 ተጨምሮ በየወሩ ለሠራተኞች የሚከፋፈለው ገንዘብ ነው፤ ከ2020 ጀምሮም ሪዞርቶች ሁሉ እንዲያስከፍሉት በሕግ ታዟል። በማዕረግ ሳይለይ እኩል ስለሚከፈል ለዝቅተኛው ሠራተኛ ታላቅ ነገር ነው፤ እንግዳ በሚበዛበት ወራት ከደመወዙ ይበልጣል። ከግንቦት ገደማ ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ዝናብ ሲያመጣና እንግዳው ሲቀንስ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ጠራጊውም ወጥ ቤቱም ስንት ክፍል እንደተያዘ በየቀኑ ይጠይቃሉ። በ2022 የመጀመሪያው ዝቅተኛ የደመወዝ ልክ ሲወሰን ደግሞ የተመለከተው የአገሬውን ዜጋ ብቻ ነበር፤ የባንግላዴሹ ጠራጊ ከዚያ ውጭ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ ይህ አኗኗር የከበደው በሴቶች ላይ ነው። የአገሬው ሴቶች በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ አይደሉም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል በብዛት ይሠራሉ። በሪዞርት ግን የሚገኙት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ወላጆች ልጃቸው በሌላ ደሴት፣ በማያውቋቸው ወንዶች መካከል፣ መጠጥ በሚሸጥበት ቦታ ማደሯን አይወዱም። ያገባችውም ሕፃን ይዛ በሠራተኛ መኖሪያ ልትኖር አትችልም፤ ቦታው ለቤተ ሰብ አልተሠራምና። ስለዚህ ወንዱ ይሄዳል፣ ሴቲቱ ትቀራለች። ቤቱ ሩቅ የሆነ ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚያገኘው ዕረፍት በመንገድ ስለሚያልቅበት፣ የዕረፍት ቀኖቹን አጠራቅሞ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጊዜ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሪዞርቶች የተሠሩት በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ስለነበረ የሩቅ ሰሜንና የሩቅ ደቡብ ሰዎች ይህን ችግር አብዝተው ቀምሰውታል። በብዙ መንደሮች አባት ማለት ገንዘብ የሚልክና አንዳንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው ሆነ።

በ2020 የወረርሽኙ በሽታ ሲመጣ የዚህ ኑሮ መሠረት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታየ። በማርች መጨረሻ አገሪቱ ለእንግዳ ተዘጋች፤ የተከፈተችውም ጁላይ 15 ቀን ነው። በእነዚያ ወራት እንግዳ ስለሌለ የአገልግሎት ክፍያ አልነበረም፤ ብዙዎች ያለ ደመወዝ ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ከውጭ አገር የመጡት ደግሞ የአገራቸው ማረፊያ ስለተዘጋ ባዶ ደሴት ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ተመልሶ በ2024 የጎብኚው ቍጥር ከ2 ሚሊዮን አለፈ።

የሠራተኛው ከቤቱ መለየት በባሕሩ ምክንያት ብቻ የመጣ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በ2009 መንግሥት በሕዝቡ መንደሮች የእንግዳ ማረፊያ ቤት እንዲከፈት ፈቀደ። ከማሌ በስተ ደቡብ በምትገኘው በማፉሺ ደሴት በ2010 የመጀመሪያው ከተከፈተ በኋላ እንደነዚህ ያሉ ቤቶች በየደሴቱ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሆነዋል። በእነዚህ ቤቶች መጠጥ የለም፤ እንግዶችም የሚዋኙት ለእነሱ በተከለለ ዳርቻ ነው። ዋጋውም ከሪዞርቱ ብዙ ይቀንሳል። የመንደሩ ሴት ግን ጧት ገብታ ቁርስ ሠርታ፣ አልጋ አንጥፋ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቷ ትገኛለች። ይህ ሥራ ጕድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ቤቶቹ ትንንሾች ስለሆኑ ከአገልግሎት ክፍያው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ከባዱንም ሥራ እዚያም የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በማፉሺም ቤት የለውም።

አንዳንድ ትላልቅ ሪዞርቶች በበኩላቸው ሠራተኛውን በአጠገባቸው ባለች ሌላ ደሴት ያሳድሩና ጧትና ማታ በጀልባ ያመላልሱታል። እንዲህ ሲሆን ከሥራ ውጭ ባለው ሰዓት በእንግዳው ፊት ከመጠንቀቅ ያርፋል። የጀልባው ሰዓት ግን ከሥራው ሰዓት ጋር መቈጠር ይገባዋል፤ ሠራተኛው በጀልባው የሚሳፈረው በራሱ ጉዳይ አይደለምና።