ከነፍስ ግድያው መዝገብ በፊት የነበረው መዝገብ

የነፍስ ግድያ መዝገብ ሲደርሰኝ ከምስክሮቹ ቃል ውስጥ ቀድሜ የምፈልገው አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ቀድሞም ጠብ ነበራቸው» የምትለዋን። መርማሪ ፖሊስ እሷን ጽፎ ያልፋታል። ክስ ለማቋቋም ማን፣ የት፣ በምን እንደ መታው ከታወቀ ይበቃዋል። እኔ ግን በአማራ ክልል ገጠር በዐቃቤ ሕግነት ስሠራ ምስክሩን ችሎት ከማቅረቤ በፊት ስለዚያ ጠብ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። መልሱ ብዙ ጊዜ መሬት ነው፤ ሞፈሩ አንድ ትልም ያህል ድንበር አለፈ፣ የድንበር ድንጋይ በሌሊት ተነሣ፣ የመስኖ ተራ ተዘለለ።

ከተሜ ወዳጆቼ «ለአንድ ትልም ነፍስ ይጠፋል?» ይሉኛል። ለትልሙ አይደለም። ድንበሩ ሲገፋ ዝም ያለ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ትልም እንደሚወሰድበት ያውቃል። ሰፈሩም ዝምታውን ይቆጥርበታል፤ በገበያውም በለቅሶ ቤቱም መናቁ ይወራል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ዱላ አያነሣም። ወደ ቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት። ባለሙያ ሄዶ ይለካ ይባላል፤ ባለሙያው መጓጓዣ የለውም። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዳኛው ይዛወራል፣ የተሸነፈው ይግባኝ ይላል። ሰኔ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ዝናቡ ሲጥል ሁለቱም በሬያቸውን ነድተው፣ ወንድምና ልጅ አስከትለው፣ አንዳንዴም ክላሽ አንግተው እዚያው ማሳ ላይ ይገናኛሉ። የእኔ መዝገብ የሚከፈተው ያን ቀን ነው፤ የፍትሐ ብሔሩ መዝገብ ገና ለልኬት እንደ ተቀጠረ።

አረቄም ድርሻ አለው፣ መሣሪያ በየቤቱ መኖሩም እንዲሁ። ይህን የሚክድ የሥራ ባልደረባ የለኝም። ግን የሚጠጣውና የታጠቀው ሁሉ አይገድልም።

የተባበሩት መንግሥታት የመድኃኒትና የወንጀል መከላከል ቢሮ ባወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 458,000 ያህል ሰዎች ሆን ተብሎ ተገድለዋል፤ በጦርነትና በሽብር ከሞቱት ይበልጣሉ። ከአምስቱ ሟቾች አራቱ ወንዶች ናቸው። የአውሮፓን የፍርድ ቤት መዛግብት የመረመሩ ተመራማሪዎች ደግሞ የነፍስ ግድያ ከመካከለኛው ዘመን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በብዙ እጥፍ መቀነሱን አሳይተዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት መንግሥት የመቅጣትን ሥልጣን ጠቅልሎ መያዙ ነው። እኔ ይህ ግማሹ ነው እላለሁ። ከገበሬው እጅ ዱላውን ወስዶ በምትኩ ፍርዱን በጊዜው የማይሰጥ መንግሥት ዱላው እንዲመለስ እየጋበዘ ነው።

የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለገበሬዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሰጥቷል። የመጀመሪያው ደብተር የአዋሳኞችን ስም ይመዘግባል፣ ካርታ ግን የለውም። ስለዚህ ከሳሽና ተከሳሽ ደብተራቸውን ችሎት ላይ ሲዘረጉ ሁለቱም እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ግን ድንበሩ የት ላይ እንደሚያልፍ አያይም። ሁለተኛው ደረጃ ደብተር የእያንዳንዱን ማሳ ካርታ ይዞ መጣ። የመሬት ቀያሽ ከእኔ ይልቅ ነፍስ ያድናል ስል ባልደረቦቼ ይስቃሉ። እኔ የምደርሰው አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ከሞተ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተራ የሰው ግድያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ያስቀጣል፤ እስረኛው ጠባዩ ከታረመ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። መዝገቡ ለእኔ የሚዘጋው ፍርዱ ሲነበብ ነው። ለሟች ቤት ግን ቆጠራው ያኔ ይጀምራል፤ ወንድ ልጁ እያደገ ነው፣ ገዳዩም አንድ ቀን ወደ ቀዬው ይመለሳል። ያን ቀን የሚጠብቀው ዐቃቤ ሕግ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ በወሎ አበጋሮቹ። የገዳይን ወገን ከሟች ወገን ይለያሉ፣ ገበያውንና መንገዱን ሳይቀር ይከፋፍሉላቸዋል፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ በመሐላ ያስራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ ጋሞዎች መገደላቸው ሲሰማ ለበቀል በተነሡት የአርባ ምንጭ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩት የጋሞ አባቶችም የሠሩት ይህንኑ ነው።

እርቁ በነፍስ ግድያ የመንግሥትን ክስ አያቋርጥም። ተከሳሹ መጸጸቱንና መካሱን ካሳየ አንቀጽ 82 ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ከዚያ አያልፍም። ችግሩ ግን እርቅ በወረደ ማግሥት ምስክሬ ችሎት ቆሞ «አላየሁም» ማለቱ ነው። ያናድዳል፤ በሐሰት ምስክርነት ልጠይቀው የምችል መሆኔንም ያውቃል። ቢሆንም ከአንድ የተበላሸ ክስና ከሁለተኛ ሬሳ ምረጥ ብባል ክሱ ይበላሽ።

ሽማግሌዎቹን የማልከተላቸው በሌላ ነገር ነው። ካሳው ሲቆረጥ ተቀማጮቹ የሟች ወንድሞችና አጎቶች ናቸው፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በእነሱ እጅ ይቀራል። ባሏ የተገደለባት ሴት ከእነ ልጆቿ ሞፈር የሚይዝላት ሰው ታጣለች፣ ማሳውን ለእኩል ትሰጣለች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጎረቤት ደግሞ ድንበሩን ይገፋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተጎጂው ወይም ከእሱ መብት ያላቸው ሰዎች የካሳ ጥያቄያቸውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምረው እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ይህን መብት የሚያውቅ ባለጉዳይ እምብዛም አላገኘሁም። አሁን ሚስትየዋ ለምስክርነት ስትመጣ ቃሏን ከመቀበሌ በፊት ማመልከቻውን ማን እንደሚጽፍላት እነግራታለሁ፣ ደብተሩ በማን ስም እንዳለም እጠይቃታለሁ።