የእናት ወገን በማን ይቆጠራል?

ብዙዎቻችን ዘር ስንቆጥር ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እንወጣለን። የእናታችንን አያት ስም ብንጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

እስቲ ወላጆቿ ሲያጠራጥሩ የኖሩ አንዲት ሴት እናንሳ። ኤሊዛ ኬዋርክ በህንድ አገር፣ በሱራት ከተማ ትኖር ነበር። ለእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ይሠራ ከነበረው ስኮትላንዳዊ፣ ከቴዎዶር ፎርብስ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 ካትሪን የተባለች ልጅ ወለደች። ሰውየው በኑዛዜው ኤሊዛን ሚስቴ ሳይል የቤት ሠራተኛዬ አላት። ልጅቱም በሕፃንነቷ ወደ ስኮትላንድ ተላከች። ዘሯ ከእናት ወደ ሴት ልጅ እየወረደ ከልዕልት ዳያና ደረሰ።

ቤተሰቡ ኤሊዛን አርመን ናት ሲል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በእናት በኩል የሚወለዱ ዘመዶች ምራቅ ሲመረመር በደቡብ እስያ የሚታወቅ፣ እጅግ ብርቅ የሆነ የዘር ምልክት ተገኘ። ይህ ምልክት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ስለዚህ የኤሊዛ እናት ወገን ከዚያው አካባቢ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ዋሽቶ ነበርን? እንዲህ ለማለት አይቻልም። ኬዋርክ የሚለው ስም አርመኖች ኬቮርክ ከሚሉት ጋር ይገጥማልና አባቷ አርመን ሊሆን ይችላል። ምርመራው ስለ አባቷ አይናገርም፤ ስሟም ስለ እናቷ አይናገርም።

የአባት ስም ከስማችን ጋር ይጠራል። የእናት ስም ግን ካልጻፍነው ይጠፋል። አያቶቻችንን አላህ አቆይቶልን ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፍ።